ስም ከግርጌ ማስታወሻ ሲቀድም፦ የአንድ የመረጃ ቋት መመሪያ እርማት ታሪክ



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ለታሪክ ትምህርት እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ነገሥታትም ስለ ጦርነትም አይደለም። ስለ አንድ የሶፍትዌር መመሪያ፣ በዚያ መመሪያ ውስጥ ስለሚገኝ አንድ ስም፣ ስሙም ትክክል አለመሆኑ እየታወቀ ለማረም ስለ ፈጀው ረጅም ዘመን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

የታሪክ ሰው ስለ ሶፍትዌር መመሪያ ምን አገባው የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። መመሪያም ሰነድ ነው። እንደማንኛውም ሰነድ ጸሐፊ፣ ዘመን፣ ዓላማና ግልባጭ አለው። ዛሬ ስማችን፣ የልደት ቀናችን፣ የትምህርት ማስረጃችን፣ የባንክ ሂሳባችን የሚቀመጠው ዳታቤዝ በምንለው የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። የመረጃ ቋቱን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች የሚመሩት ደግሞ ከሶፍትዌሩ ጋር በሚወጣው መመሪያ ነው። መመሪያው ግልጽ ካልሆነ ወይም ዘመኑ ካለፈበት ጉዳቱ በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ አይቀርም፤ የአንድ ሰው ስም በመዝገብ ላይ ሙሉ ሆኖ እስከ መስፈር ወይም በመካከሉ ተቆርጦ እስከ መቅረት ይደርሳል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህን የምንጠቅሰው የጽሑፍን ክብር ለማሳየት ነው። ነገር ግን በጽሑፍ የሚወረሰው እውነት ብቻ አይደለም፤ ስህተትም ይወረሳል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ በስም ላይ ያለ ስህተት በማብራሪያ ብቻ አይታረምም። ለዚህም ማይኤስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ቋት ሶፍትዌርና «ዩቲኤፍ8» የተባለውን ስያሜ በምሳሌነት እወስዳለሁ።

ፊደል ቁጥር የሆነበት መንገድ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ኮምፒውተር ፊደልን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥርን እንጂ ፊደልን አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቁጥር መስጠት ግድ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ከመስፋፋቱ በፊት ለግዕዝ ፊደል የተሠሩት የጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ሲገባ ሆሄያቱ ከ4,608 ጀምሮ ባሉት ቁጥሮች ላይ ቋሚ ቦታ አገኙ። ተጨማሪ ሆሄያት በ2005 በ4.1 እትም፣ ከዚያም በ2010 በ6.0 እትም ገብተዋል።

ዩኒኮድ በ1991 ሲጀመር የዓለም ፊደላት ሁሉ በ65,536 ቦታዎች ይበቃሉ የሚል ግምት ነበረው። ግምቱ ብዙ አልቆየም። በ1996 የወጣው 2.0 እትም ገበታውን ወደ 1,114,112 ቦታዎች አሰፋው። በመጋቢት 2001 ደግሞ በ3.1 እትም ከ65,536 በላይ በሆኑት ቦታዎች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆሄያት ሰፈሩ፤ በዚያ እትም ከተጨመሩት 44,946 ምልክቶች መካከል 42,711 ያህሉ የቻይና ጽሕፈት ምልክቶች ነበሩ። ይህን የመጋቢት 2001 ቀን በልባችሁ ያዙልኝ።

ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ በባይት ተቀይሮ መቀመጥ አለበት። ለዚህ ከተፈጠሩት ዘዴዎች በጣም የተስፋፋው ዩቲኤፍ8 ነው። በ1992 የቤል ላብስ ባለሙያዎች የሆኑት ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ የነደፉት ይህ ዘዴ ለሁሉም ሆሄ እኩል ቦታ አይሰጥም። ያልተጌጠው የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ የዐረብኛ ፊደል 2 ባይት፣ የእኛ ሆሄ ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» የሚለው ቃል ሦስት ሆሄያት ቢሆኑም በዩቲኤፍ8 ሲቀመጥ 9 ባይት ነው። ሦስት ባይት የሚያደርሰው ግን እስከ 65,535 ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለ ቁጥር አራተኛ ባይት የግድ ያስፈልጋል። የዘዴው የ1998 ድንጋጌ እስከ ስድስት ባይት ይፈቅድ ነበር፤ በኅዳር 2003 የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት አርኤፍሲ 3629 የተባለው ድንጋጌ ግን ገደቡን አራት ባይት ላይ አቆመው።

በሦስት ባይት የቆመው ስም

ማይኤስኪውኤል በ1995 በስዊድን የተጀመረ፣ በነጻ በመሰራጨቱና ቀላል በመሆኑ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ነው። በ2008 ሰን ማይክሮሲስተምስ ገዛው፤ በ2010 ደግሞ ኦራክል ሰንን ሲገዛ ማይኤስኪውኤልም አብሮ ወደ ኦራክል ተዛወረ። ለብዙ ዘመን ሶፍትዌሩ ሲጫን የሚመርጠው ነባሪ የፊደል ገበታ የምዕራብ አውሮፓ የላቲን ገበታ፣ የፊደል ቅደም ተከተሉም የስዊድን ነበር። የትውልድ ቦታውን ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም።

የዩኒኮድ ድጋፍ የመጣው በ4.1 ሥሪት ሲሆን ሥሪቱ ለአገልግሎት ዝግጁ ተብሎ የወጣው በ2004 ነው። የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የለውጦቹን መዝገብ ማንም ሊመረምር ይችላል። ከዚያ መዝገብ እንደሚታየው በ2002 መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ረቂቅ የዘመኑን ድንጋጌ ተከትሎ እስከ ስድስት ባይት ይቀበል ነበር። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በገባ ለውጥ ግን ወሰኑ ሦስት ባይት ላይ ተቆረጠ። ለውጡን የሚገልጸው አንድ አጭር መስመር ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም።

ዘመኑን ልብ እንበል። ውሳኔው የተላለፈው በመስከረም 2002 ነው። ከ65,536 በላይ የሆኑት ሆሄያት በዩኒኮድ የሰፈሩት በመጋቢት 2001 ነበር። ስለዚህ «በጊዜው በቂ ነበር፣ በኋላ ዘመን አለፈበት» የሚለው የተለመደ ማስተባበያ እዚህ አይሠራም። ገደቡ ገና ሲደነገግ ከዓመት በላይ ዘግይቶ ነበር። ይሁንና የተሰጠው ስም ያው «ዩቲኤፍ8» ነበር። ሙሉውን ስም የያዘው ጎደሎው ነገር ሆነ።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» እንዲሉ፣ ጎረቤት ተቀበለው። የድረ ገጽ ሠሪዎች፣ የመጽሐፍ ደራሲዎች፣ የኮሌጅ መምህራን «ከእንግሊዝኛ ውጭ የምትጽፍ ከሆነ ገበታህን ዩቲኤፍ8 አድርግ» እያሉ አስተማሩ። ይህ ምክር ለአማርኛ ተጠቃሚ እውነተኛ እፎይታ ነበር። በላቲኑ ገበታ የተነበበ የአማርኛ ጽሑፍ እያንዳንዱ ሆሄ ወደ ሦስት የላቲን ምልክቶች ተበትኖ፣ አለዚያም ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ይታይ ነበርና። ገበታው ሲቀየር ፊደሉ ቀና ብሎ ታየ። ፊደላችን ከታየ ሌላ ምን እንጠይቃለን? ጉዳዩ ተዘጋ።

መመሪያው ምን ይል ነበር?

እዚህ ላይ ለመመሪያው ጸሐፊዎች ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። መመሪያው አልዋሸም። በ5.0 እና በ5.1 ሥሪቶች ዘመን የነበረው ጽሑፍ ይህ ገበታ ለአንድ ሆሄ ከአንድ እስከ ሦስት ባይት እንደሚጠቀም ይናገር ነበር። አዲሱ ድንጋጌ እስከ አራት ባይት እንደሚፈቅድ፣ ማይኤስኪውኤል ግን የአራት ባይቱን በአሁኑ ጊዜ እንደማያካትት የሚገልጽ ማስታወሻም ነበረው። ታዲያ እውነቱ ተጽፎ ሳለ ብዙ ሺህ አንባቢ እንዴት ተሳሳተ? እንደ ሰነድ መርማሪ ሦስት ምክንያቶች አያለሁ።

የመጀመሪያው ቦታ ነው። ማስታወሻው የሚገኘው ስለ ፊደል ገበታዎች በሚያትተው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ሰንጠረዥ የሚሠራው ባለሙያ ግን የሚያነበው ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳውን ገጽ ነው። እውነት በተጻፈበት ቦታ ሁሉ አንባቢ አይገኝም።

ሁለተኛው «በአሁኑ ጊዜ» የሚለው አነጋገር ነው። ቀን የሌለው «አሁን» ለታሪክ ሰው ከባድ ፈተና ነው። የማን አሁን ነው? ዓረፍተ ነገሩ በተጻፈበት ዓመት ያለ አንባቢ እንደ ጊዜያዊ ጉድለት ይወስደዋል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያነበው ደግሞ «ይህ እስካሁን ተስተካክሎ ይሆናል» ብሎ ያልፈዋል። አንድ ቃል ለሁለት ዘመን አንባቢዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይናገራል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ስሙ ራሱ ነው። ማስታወሻ የሚያነበው የተጠራጠረ ሰው ነው። «ዩቲኤፍ8» የሚለው ስም ግን ጥርጣሬን አስቀድሞ ያስወግዳል። ስያሜው የዓለም አቀፍ መስፈርት ስም ስለሆነ አንባቢው መስፈርቱን ካወቀ ነገሩንም ያወቀ ይመስለዋል። በስም ያመነን ሰው በግርጌ ማስታወሻ ማስጠንቀቅ፣ ቤት ገብቶ የተቀመጠን እንግዳ በበሩ ላይ በለጠፉት ጽሑፍ ለመመለስ እንደ መሞከር ነው።

ውጤቱ ቀላል አልነበረም። ሶፍትዌሩ ጥብቅ በሆነው የአሠራር ሁኔታ ካልተዘጋጀ በቀር፣ ባለ አራት ባይት ሆሄ የያዘ ጽሑፍ ሲመጣለት ከዚያች ሆሄ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ይመዘግብ ነበር። ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ፕሮግራሙ ካልጠየቀ ማንም አያየውም። ጥብቁ ሁኔታ ነባሪ የሆነው በ2015 በወጣው 5.7 ሥሪት ነው። ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌሩ ቆርጦ በማስቀመጥ ፈንታ ስህተት መሆኑን ተናግሮ ጽሑፉን ይመልሳል። በዝምታ ከሚቆርጥ መዝገብ ጸሐፊ «አልችልም» ብሎ የሚመልስ ይሻላል።

እርማቱ የመጣበት መንገድ

እርማቱ በሁለት መንገድ ሊመጣ ይችል ነበር። ስሙን ከእውነተኛ ትርጉሙ ጋር ማስማማት፣ ወይም አሮጌውን ስም እንዳለ ትቶ አዲስ ስም ማውጣት። በ6.0 የልማት ሥሪት ዩቲኤፍ8 አራት ባይት እንዲይዝ ታቅዶ ተሠርቶ ነበር። ያ ሥሪት ግን ሳይጠናቀቅ ተተወ። በ2010 በ5.5.3 ሥሪት የተመረጠው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ «ዩቲኤፍ8» ሦስት ባይት እንደሆነ ቀረ፤ ሙሉው ገበታ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚል አዲስ ስም ተሰጠው።

የውሳኔውን ምክንያት መረዳት ይቻላል። በየአገሩ በየሰርቨሩ የተቀመጡ ሰንጠረዦች በአሮጌው ስም ተመዝግበዋል። የስሙ ትርጉም በአንድ ሌሊት ቢለወጥ ነባሮቹ ሰንጠረዦች ይናጋሉ። ከባድ የመጠን ጉዳይም ነበር። በጊዜው ኢኖዲቢ በተባለው የሰንጠረዥ ዓይነት የአንድ ዓምድ ማውጫ ከ767 ባይት መብለጥ አይችልም ነበር። 255 ሆሄ በሦስት ባይት ሲባዛ 765 ይሆናልና ይገባል፤ በአራት ባይት ሲባዛ ግን 1,020 ነው፤ አይገባም። የሚገባው 191 ሆሄ ብቻ ሆነ፤ 191 በአራት ሲባዛ 764 ነውና። ወርድፕሬስ የተባለው የድረ ገጽ ማዘጋጃ በሚያዝያ 2015 በ4.2 ሥሪቱ ወደ አዲሱ ገበታ ሲሸጋገር ማውጫዎቹን በ191 ሆሄ የገደበው ለዚህ ነው። ዛሬም በብዙ ሰንጠረዦች ውስጥ 191 የሚለውን ቁጥር የሚያገኝ ተማሪ ከየት እንደመጣ ላያውቅ ይችላል። ለእኔ ግን ያ ቁጥር በፈረሰ ግንብ ላይ እንደቀረ የመሠረት ድንጋይ ነው፤ ስለ አንድ የቆየ ስህተትና ስለ እርማቱ ዋጋ ይናገራል።

ለውጡን ያፋጠነውም ልብ ሊባል ይገባዋል። ከ2001 ጀምሮ ቦታ ያጡት የቻይና ምልክቶች ነበሩ፤ በእነርሱ የሚጻፍ የሰው ስምም የቦታ ስምም አለ። የባለሙያውን ሁሉ ጆሮ ያገኘው ግን፣ በእኔ ንባብ፣ በጥቅምት 2010 በዩኒኮድ 6.0 የገቡትና ኢሞጂ የምንላቸው የፊት ምስሎች በስልክ ሲስፋፉ ነው። የሰው ስም ያላስነሣውን ጥያቄ የሳቅ ምስል አስነሣው። ጥቂቶች የሚጠቀሙበት ፊደል ሲጎድል ዝም የሚል ሥርዓት፣ ብዙኃኑ የሚጫወቱበት ምልክት ሲጎድል ይነቃል።

ከዚያ በኋላ መመሪያው ደረጃ በደረጃ ታረመ። በሚያዝያ 2018 የወጣው 8.0 ሥሪት ነባሪውን ገበታ ከላቲን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ለወጠ። ሦስት ባይቱ ገበታ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ3» በሚለው እውነተኛ ስሙ እንዲጠራ፣ ለወደፊትም እንደሚወገድ ተጻፈ። «ዩቲኤፍ8» የሚለው ስም ለጊዜው የሦስት ባይቱ ተለዋጭ ስም እንደሆነ፣ ወደፊት ግን ወደ አራት ባይቱ እንደሚዞር፣ እስከዚያው አሻሚነትን ለማስወገድ ሙሉውን ስም መጻፍ እንደሚገባ መመሪያው መከረ። ሶፍትዌሩ ራሱ ስለ ሰንጠረዦች ሲጠየቅ «ዩቲኤፍ8» ማለቱን ትቶ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ3» ማለት የጀመረው በጥር 2022 በወጣው 8.0.28 ሥሪት ነው። ከመስከረም 2002 እስከ ጥር 2022 ሲቆጠር አንድ ነገር በእውነተኛ ስሙ እስኪጠራ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ስምን ወደ እውነት ማምጣት

ሌላ መንገድ እንደነበረ ለማሳየት ፖስትግሬስ የተባለውን ሌላ የመረጃ ቋት ለንጽጽር ላንሣ። የመረጃ ቋቶች ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩባቸው ሥራዎቹ እርስ በርስ እንዳይበላሹ የጥበቃ ደረጃዎች አሏቸው። ከፍተኛው ደረጃ «ሲሪያላይዘብል» ይባላል፤ ትርጉሙም ሥራዎቹ በተራ፣ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው እንደተሠራ ያህል ውጤታቸው የተስማማ ይሆናል ማለት ነው። በ1995 ጂም ግሬይን ጨምሮ ስድስት ተመራማሪዎች ዓለም አቀፉ የኤስኪውኤል መስፈርት ራሱ የእነዚህን ደረጃዎች ትርጉም አሻሚ አድርጎ እንደጻፈው አሳይተው ነበር።

ፖስትግሬስም እስከ 9.1 ሥሪት ድረስ በዚህ ስም የሚሰጠው ጥበቃ ከስሙ ያነሰ ነበር። እያንዳንዱ ሥራ የመረጃውን የቅጽበት ቅጂ ብቻ ያይ ነበር። ሁለት ሒሳቦች ያሏቸውን ባልና ሚስት አስቡ፤ ደንቡ የሁለቱ ሒሳቦች ድምር ከዜሮ እንዳይወርድ ነው። ባል ከአንዱ፣ ሚስት ከሌላው በአንድ ቅጽበት ገንዘብ ቢያወጡ፣ ሁለቱም የሚያዩት የቀድሞውን ድምር ስለሆነ ደንቡ ሳይታወቅ ይፈርሳል። የፖስትግሬስ መመሪያ ይህን አልደበቀም፤ የሚሰጠው ጥበቃ ከእውነተኛው ሲሪያላይዘብል እንዴት እንደሚለይ የሚያስረዳ ንኡስ ክፍል ነበረው። በመስከረም 2011 ግን 9.1 ሥሪት እውነተኛውን ጥበቃ በዚያው ስም አስገባ፤ የቀድሞው አሠራር «ሪፒተብል ሪድ» በሚለው ዝቅ ባለ ስም እንዲገኝ ተደረገ። ማብራሪያው አላስፈለገም፤ ስሙ እውነት ሆነ።

ሁለቱ ታሪኮች ያላቸው ልዩነት የታማኝነት አይደለም፤ ሁለቱም መመሪያዎች ጉድለታቸውን ጽፈዋል። ልዩነቱ በእርማቱ አቅጣጫ ላይ ነው። አንዱ ነገሩን ወደ ስሙ አመጣ፤ ሌላው ስሙን በቦታው ትቶ እውነቱን በአዲስ ስም አስቀመጠ። በሁለተኛው መንገድ የቀድሞውን ስም ብቻ የሚያውቅ ሰው ምንም ሳይሰማ ይቀራል።

ጉዳዩ ወደ እኛ ሲመጣ

እስካሁን የተናገርሁት የሩቅ አገር ታሪክ ሊመስል ይችላል። አማርኛም፣ ትግርኛም፣ ግዕዝም የሚጻፉባቸው ሆሄያት ሁሉ ከ65,536 በታች ናቸውና በሦስት ባይት ይገባሉ። በ2005 እና በ2010 የተጨመሩትም እንዲሁ። ስለዚህ አሮጌው ገበታ ላይ የቆመ የአማርኛ መዝገብ ለሃያ ዓመት ምንም እንከን ሳይታይበት ሊሠራ ይችላል።

በመስከረም 2021 ግን ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የሚያገለግሉ 28 ተጨማሪ የግዕዝ ሆሄያትን አስገባ። የተሰጣቸው ቦታ የሚጀምረው ከ124,896 ነው። ይህ ማለት እያንዳንዳቸው አራት ባይት ይፈልጋሉ። እነዚህ ሆሄያት ከግዕዝ ፊደል ቤተሰብ ሆነው ሳለ ከወንድሞቻቸው ተለይተው በሩቅ ሰፈር ሰፈሩ። እንግዲህ በአሮጌው «ዩቲኤፍ8» የቆመ የትምህርት ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ውስጥ፣ በአዲሱ ገበታ የተጻፈ የጉራጊኛ ቃል ቢገባ፣ ሁለተኛዋ ሆሄ ከአዲሶቹ አንዷ ከሆነች፣ ጥብቅ ባልሆነው አሠራር ከቃሉ የሚተርፈው የመጀመሪያዋ ሆሄ ብቻ ነው። በጥብቁ አሠራር ደግሞ መዝጋቢው የስህተት መልእክት ያያል፤ ጥፋቱም የጻፈው ሰው ይመስለዋል።

ገበታውን መቀየር ብቻም አይበቃም። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4ን «ጄኔራል» በሚባለው የማነጻጸሪያ ሥርዓት የሚጠቀም ሰንጠረዥ ከ65,536 በላይ ያሉትን ሆሄያት ሁሉ ለንጽጽር እኩል ያደርጋቸዋል። ሁለት የተለያዩ ሆሄያት በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ድግግሞሽ በማይፈቀድበት ዓምድ ደግሞ ሁለተኛው ቃል «አስቀድሞ አለ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በ8.0 ነባሪ የሆነው አዲሱ የማነጻጸሪያ ሥርዓት ሆሄያቱን ይለያል። ሶፍትዌሩን ማሳደስ ግን የቆዩ ሰንጠረዦችን አይለውጥም፤ እነርሱ በተፈጠሩበት ገበታ ይቀጥላሉ። ሰንጠረዡ፣ ዓምዱና ከፕሮግራሙ ጋር ያለው ግንኙነት ሦስቱም በአዲሱ ስም መዘጋጀት አለባቸው።

እዚህ ላይ ያለው ቁም ነገር ቴክኒካዊ ብቻ አይደለም። የእኛ ጽሑፍ ስለገባ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ብለን ደምድመን ነበር። ስህተቱን ለማየት የማይችለው ስህተቱ የማይነካው ሰው ነው። ላቲኑ ገበታ የአማርኛውን ተጠቃሚ እንዳላየው ሁሉ የአማርኛውም ተጠቃሚ የጉራጊኛውን ላያየው ይችላል።

የእርማት ሥርዓት

ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ አንድ ቃል ሲዘነጉ ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ጽፈው በምልክት ያመለክቱ ነበር። አንባቢው የተዘለለውንም የታረመውንም በአንድ ገጽ ያያል። የዛሬ የሶፍትዌር መመሪያ እርማት ግን አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን ይተካል፤ አሮጌው ደግሞ በማስተማሪያ ጽሑፎችና በተቀዱ መመሪያዎች ውስጥ ሳይታረም ይኖራል። ግልባጩ ከእናቱ ጽሑፍ ረዘም ያለ ዕድሜ ሲኖረው የሚፈጠረውን ችግር እኛ የታሪክ ሰዎች በደንብ እናውቀዋለን።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው። የሶፍትዌር መመሪያ ስታነቡ በመጀመሪያ የየትኛው ሥሪት እንደሆነ ተመልከቱ፤ ዘመኑ ያልታወቀ ሰነድ ምስክርነቱ ጎደሎ ነው። «በአሁኑ ጊዜ» የሚል ቃል ስታገኙ አሁኑ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ስሙ የሚናገረውንና ነገሩ የሚያደርገውን በራሳችሁ ሙከራ አነጻጽሩ፤ ለዚህኛው ጉዳይ ከአዲሶቹ የጉራጌ ሆሄያት አንዷን በመካከሉ የያዘ ቃል አስገብቶ መልሶ ማንበብ ይበቃል። ስህተት ስታገኙ ደግሞ አጉረምርማችሁ አትለፉ፤ ለአዘጋጆቹ ጻፉ። የሚጠቅም እርማት ገጹን፣ ሥሪቱን፣ ጽሑፉ የሚለውን፣ በሙከራ የታየውንና በምትኩ ሊጻፍ የሚገባውን ዓረፍተ ነገር ይይዛል። ይህ ከሰነድ ምርመራ ትምህርታችን የተለየ አይደለም፤ ምንጭ፣ ዘመን፣ ማስረጃ፣ ፍርድ።

መመሪያ ለምትጽፉ ደግሞ አደራዬ ይህ ነው። ስም ስታወጡ ነገሩ ከሚችለው በላይ የሚናገር ስም አታውጡ። ካወጣችሁም ቶሎ አርሙት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። በአንድ የለውጥ መዝገብ ላይ በአጭር መስመር የተጻፈ ቁጥር ለማረም ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ከዚያም በኋላ በየቢሮው የቀሩት የቆዩ ሰንጠረዦች ገና አልታረሙም። በእነርሱ ውስጥ ሙሉ ስማቸው ያልገባ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ወደየመሥሪያ ቤታችሁ ስትመለሱ የመረጃ ቋቱን የሚያስተዳድረውን ባለሙያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፦ «የእኛ ዩቲኤፍ8 ስንት ባይት ነው?»